ለሮክ የሚሆን የድሮ ስልት ጊታር

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ባቋቋምነው ባንድ ውስጥ በተውሶ ጊታር ሮክ እጫወታለሁ። ዋሽንግተን የምትኖረው እኅቴ በቅርቡ ስትመጣ እስከ 500 ዶላር የሚያወጣ ኤሌክትሪክ ጊታር ልታመጣልኝ ቃል ገብታለች። የድሮዎቹን ጊታሮች መልክና ድምፅ እወዳለሁ፤ የዚያን ዘመን ጊታር መግዛት ግን ከአቅሜ በላይ ነው። ስትራቶካስተር፣ ቴሌካስተር ወይስ ሌስ ፖል ይሻለኛል? አምፕሊፋየሩንም አብራ ታምጣልኝ?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ስትራቶካስተርና ቴሌካስተር የፌንደር፣ ሌስ ፖል ደግሞ የጊብሰን ኩባንያ ጊታሮች ናቸው። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ የቀረቡ ሲሆኑ፣ ዛሬ የፌንደር ንዑስ የንግድ ስም የሆነው ስኳየርና በጊብሰን ሥር ያለው ኤፒፎን ያንኑ ቅርፅ በተመጣጣኝ ዋጋ ያቀርባሉ። መልኩን ማግኘት እንግዲህ አያስቸግርዎትም። ምርጫውን የሚወስነው የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ፒክአፕ ነው።

በስትራቶካስተርና በተለመደው ቴሌካስተር ላይ ያለው ባለ አንድ የሽቦ ጥቅል ፒክአፕ ጥርት ያለ፣ ጠርዙ የሚሰማ ድምፅ አለው። ለሮክ አይሆንም የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ጊታሪስቱ ጂሚ ፔጅ የሮክ ባንዱን የሌድ ዜፕሊንን የመጀመሪያ አልበም በአብዛኛው የቀዳው በቴሌካስተር ነበር። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ይህ ፒክአፕ የመብራት መስመሩን እምምታ ስለሚስብ፣ ዲስቶርሽን (ድምፁን ሆን ብሎ የሚያሻክር ማጉላት) ሲጨመርበት ዝምታው ሁሉ በጉምጉምታ ይሞላል። የመሬት መስመር በሌለው አዳራሽ ለሚጫወት ባንድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጊብሰን መሐንዲስ ሴት ላቨር በ1955 የሠራው ሃምበከር የተባለው ፒክአፕ ግን፣ ሁለት ጥቅሎች በተቃራኒ ማግኔትና በተቃራኒ አቅጣጫ ስለተገናኙበት እምምታውን እርስ በርስ ያጣፋል፤ የክሩን ድምፅ ደግሞ ደምሮ ያወፍረዋል።

ስለዚህ ሃምበከር ያለበትን ሌስ ፖል ይግዙ ማለት ይቀል ነበር። እኔ ግን ለእርስዎ አልመርጠውም፤ ምክንያቱም የሌስ ፖል አንገት ከአካሉ ጋር በሙጫ የተጣበቀ፣ መቃኛዎቹ ያሉበት ጫፉም ወደ ኋላ ያዘነበለ በመሆኑ ሻንጣው ሲወድቅ ከመቃኛዎቹ ሥር መሰበሩ የታወቀ ጉዳት ነው። የፌንደር ዓይነት አንገት በብሎን ስለሚታሰር፣ እኅትዎ ክሮቹን አላልታ ብሎኖቹን ከፈታች በኋላ አካሉንና አንገቱን ለየብቻ በልብስ ጠቅልላ በተራ ሻንጣ ልታመጣው ትችላለች።

ሁለቱን ጥቅም የሚያጣምረው ቴሌካስተር ዴሉክስ ነው። ፌንደር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ይህ ጊታር፣ ያው ሴት ላቨር ወደ ፌንደር ከተዛወረ በኋላ የነደፋቸው ሁለት ሃምበከሮች ነበሩት። ስኳየር «ክላሲክ ቫይብ» በተባለው ተከታታይ ምርቱ ውስጥ የዚህን ጊታር ቅጂ ሠርቷል፤ ያገለገለውን ብትፈልግ ደግሞ ከበጀትዎ ውስጥ ለጥገናና ለክር ሊተርፍዎ ይችላል። አንድ ጥቃቅን የሚመስል ጥቅምም አለው፦ የቅጂው የጣት ገበታ ከ1950ዎቹ ፌንደሮች ይልቅ ለጥ ያለ ስለሆነ፣ በላይኛዎቹ ፍሬቶች (የጣት ገበታውን በሚከፍሉት የብረት መስመሮች) ላይ ክር ስቦ ድምፅ ከፍ ሲያደርጉ አይታፈንም።

እኅትዎ ስትገዛ ጊታር የሚችል ሰው ይዛ ብትሄድ መልካም ነው። ወፍራሙን ክር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ ሲጫኑት፣ በሰባተኛው ፍሬት አካባቢ ከክሩ ሥር የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት መታየት አለበት፤ ክፍተቱ ከሰፋ አንገቱ ጎብጧል፣ ከናካቴው ከሌለ ደግሞ ፍጹም ቀጥ ብሏል ወይም ወደ ኋላ ሄዷል። መጠነኛው ጉብጠት በአንገቱ ውስጥ ባለው ብረት ይስተካከላል፤ የተጣመመ አንገት ግን በምንም ዋጋ አይገዛም። እያንዳንዱን ክር በ12ኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ የሚወጣው ድምፅ በዚያው ቦታ ጣት በማስነካት ብቻ ከሚወጣው ጋር መስማማቱንም ትፈትሽ።

አምፕሊፋየሩን አታምጣ። ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራው አብዛኛው አምፕ በ120 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ፣ በቀጥታ ከእኛ 220 ቮልት ጋር ቢሰካ ይቃጠላል፤ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ቢገዙለትም ዕቃው ከባድ ነው፣ ወጪውም ይደራረባል። አምፑን አዲስ አበባ ውስጥ በራስዎ ጊታር ሰክተው፣ ባንዱ በሚጫወትበት የድምፅ መጠን ሞክረው ይግዙ።