ኪራይ የማይከፈልበት ቤት፦ ዶርም ውስጥ ለምትሠሩ ወገኖቼ

በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባ ስልኬ አያርፍም። የሚደውሉት እዚህ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የገቡ የኛ ልጆች ናቸው። «ጋሼ፣ አርኤ ሆኜ ተመረጥኩ፤ ምን ልወቅ?» ይሉኛል። አርኤ ማለት ረዚደንት አሲስታንት ነው፤ ዶርም ውስጥ አንድ ፎቅ እንዲይዝ የሚመደብ ተማሪ። አንዳንዴ እናት ትደውላለች። «ልጄ የዶርም ጠባቂ ልሁን እያለ ነው፤ እባክህ አንተ ምከርልኝ» ትለኛለች። ለእያንዳንዱ ስመልስ ዓመታት አለፉ። አሁን አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ። አነጋገሬ ከረር ካለባችሁ ታገሡኝ። 16 ዓመት ዶርም ውስጥ እየሠራሁ እዚያው ኖሬያለሁ። እስካሁን ሳስታውሰው የሚያንገበግበኝ ነገር አለ።

1. ሥራውን አትናቁት

በኛ ሰው ጆሮ «የዶርም ሥራ» ሲባል ፕሮክተር ነው የሚመጣው፤ ቁልፍ የሚያስረክብ፣ ፍራሽ የሚቆጥር ሰው። እዚህ ግን ረዚደንስ ላይፍ፣ ማለትም ዶርምንና የነዋሪዎቹን ኑሮ ማስተዳደር፣ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከታች አርኤ አለ፤ ራሱ ተማሪ ሆኖ አንድ ፎቅ ይይዛል። ክፍያው ብዙ ጊዜ ነፃ ክፍል ነው። አንዳንድ ቦታ ምግብና ትንሽ የኪስ ገንዘብ ይጨመርበታል። ቀጥሎ ማስተርሱን እየተማረ ሕንፃ የሚይዝ ግራጁዌት አሲስታንት አለ። ከዚያ ሆል ዳይሬክተር ይመጣል፤ ደሞዝተኛ ነው፣ ብዙ ጊዜ ማስተርስ ይጠየቃል፣ የሚኖረውም እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው። ከላይ ኤሪያ ኮኦርዲኔተር፣ ረዳት ዳይሬክተር፣ ዳይሬክተር እያለ ይወጣል። የተማሪዎች ዲን እስከ መሆን የደረሱም አሉ። አኩሆ-አይ የሚባል የሙያ ማኅበር አለው። ለበጋው የሥራ ልምምድ የሚያገኙት በሱ በኩል የሆኑ ብዙ ናቸው። ጠይቁ፣ አመልክቱ።

አንድ ልጅ አውቃለሁ። ዩኒቨርሲቲው የማስተርሱን ክፍያ ሊችልለት፣ አፓርታማና የወር ገንዘብ ሊሰጠው፣ ግራጁዌት አሲስታንት ሁንልን አሉት። አጎቶቹ «ተምረህ ተምረህ ዶርም ልትጠብቅ?» አሉት። ተወው። ያንኑ ማስተርስ በብድር ተማረ። ዕዳውን ዛሬም እየከፈለ ነው። አጎቶቹ የአንድ ወር እንኳ አልከፈሉለትም። እናንተ ወላጆች፣ እባካችሁ ሳታውቁ አትፍረዱ።

2. ወረቀት

በኤፍ-1 (በተማሪ) ቪዛ ያላችሁ፣ ትምህርት ባለበት ወቅት ካምፓስ ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድላችሁም። የአርኤ ሥራም ከዚሁ ይቆጠራል። ስለዚህ ሌላ ሥራ ከመደረባችሁ በፊት የዓለም አቀፍ ተማሪዎችን ቢሮ ጠይቁ። የመንግሥትም ሆኑ ለትርፍ ያልቆሙ ዩኒቨርሲቲዎች ሲቀጥሯችሁ የኤች-1ቢ (የሥራ ቪዛ) ዓመታዊ ኮታ አይመለከታችሁም። ፋይናንሻል ኤይድ (ለትምህርት የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ) የምታገኙ ደግሞ፣ ነፃ ክፍሉ ድጋፉን ሊቀንስባችሁ ስለሚችል ሳትፈርሙ አጣሩ።

3. «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ አትማሉ

የኛ ልጆች ደጋግመው የሚወድቁበት ይህ ነው። ምስጢር ጠባቂነት እንደ ጨዋነት ሲነገረን አድገናል። እዚህ ሥራ ላይ ግን ሰው ይጎዳል።

አንዲት የኛ ልጅ አርኤ ሳለች፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የፎቋ ተማሪ እያለቀሰች በሯን አንኳኳች። የደረሰባትን ጥቃት ነገረቻት። «ማይልኝ» አለቻት፤ ማለችላት። ከሳምንታት በኋላ ነገሩ በሌላ በኩል ወጣ። ያቺ ተማሪ እርዳታ ያገኘችው ዘግይቶ ነው። የኛዋ ልጅ ደግሞ ሥራዋንም፣ ነፃ ክፍሏንም በሴሚስተሩ መሐል አጣች። ክፋት አልነበረባትም። ያደረገችው ያደገችበትን ነው።

በ1972 የወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ በትምህርት ቤት በጾታ መድልዎን የሚከለክል ታይትል ናይን የሚባል ሕግ አለ። በሱ ምክንያት አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች አርኤ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማ ማሳወቅ አለበት ይላሉ። ስለዚህ ልጅቷ መናገር ሳትጀምር እንዲህ በሏት፦ «ልሰማሽ እፈልጋለሁ። ግን አንዳንዱን ነገር ከነገርሽኝ ለኃላፊዬ ማሳወቅ አለብኝ። ምስጢር ሆኖ እንዲቀር ከፈለግሽ ካውንስለር ጋ አብሬሽ እሄዳለሁ።» ይህን መስታወት ፊት ቆማችሁ ተለማመዱት። በሌሊት፣ እንቅልፍ ዓይናችሁ ላይ እያለ፣ ያልተለማመዳችሁት ቃል አይመጣላችሁም።

ሌላም ልጨምር። በሩ እንዳይዘጋ ድንጋይ ወይም ካርቶን የሚሸጉጡ ተማሪዎች ሁልጊዜ አሉ። አልፋችሁ አትሂዱ። በ1986 ጄን ክሌሪ የምትባል የሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዶርሟ ውስጥ፣ በተኛችበት ተገደለች። ገዳዩ የገባው በራሳቸው በሚቆለፉ በሮች ነበር፤ ግን ተማሪዎች ክፍት እንዲሆኑ ነገር ሸጉጠውባቸው ነበር። ወላጆቿ ታግለው በ1990 ሕግ አስወጡ። ዩኒቨርሲቲዎች ወንጀልን ለሕዝብ እንዲያሳውቁ የሚያስገድደው የክሌሪ ሕግ ያ ነው። ጎንበስ ብላችሁ ያንን ካርቶን አንሱት።

4. ሪፖርት ስትጽፉ ያያችሁትን ብቻ

«ሰክሮ ነበር» አትበሉ። «ዓይኑ ቀልቷል፣ ሲናገር ይንተባተባል፣ የአልኮል ሽታ ይሸታል» ብላችሁ ጻፉ። ፍርዱን ለሚፈርደው ተዉት። ሳይነጋ ጻፉት።

5. ቤቱ የእናንተ አይደለም

ወደዚህ ለመድረስ ነው የቸኮልኩት።

ሥራውን የጀመርኩት በ2004 ነው። ሁለት ዓመት አርኤ፣ ሁለት ዓመት ግራጁዌት አሲስታንት፣ ከዚያ ሆል ዳይሬክተር፣ በኋላም ኤሪያ ኮኦርዲኔተር። እስከ 2020 ድረስ አንድም ወር ኪራይ ከፍዬ አላውቅም። መብራትና ውኃ አልከፍልም። ኢንተርኔት አልከፍልም። ይህንንም ለሰው ሁሉ ተናገርኩ። የመጀመሪያው ስህተቴ ይህ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከሀገር ቤት የሚመጣው ስልክ ሁሉ የሚጀምረው «አንተ እኮ ኪራይ የለብህም» በሚል ነው። መልስ አልነበረኝም። ላክሁ። ለሠርግ ላክሁ። ለወንድሜ መኪና ላክሁ፤ እየሠራባት ቤተሰቡን ይደግፋል ተብሎ ነበር። በዓመቷ ተሸጠች። ለቤት መሥሪያ ለዘመድ ላክሁ። መጀመሪያ ለመሠረቱ፣ ቀጥሎ ለብረቱ፣ ቀጥሎ «ሲሚንቶ ጨምሯል» ተባለና እንደገና። ደረሰኝ ጠይቄ አላውቅም። መጠየቅ ነውር መሰለኝ። ብሎኬቱ ቆሞ ጣሪያ ሳይወጣለት ቀረ። ሰዎቹን አልከስም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። «በቃ» ማለት ያልቻልኩት እኔ ነኝ። ሌሊት ለሌላ ሰው ልጅ «የለም ማለት ትችላለህ፣ ገደብህን አብጅ» እያልኩ የምመክረው ሰው ለራሴ ያንን ቃል አጣሁ።

ባለቤቴ ነግራኛለች። «ይህ ቤት የኛ አይደለም፤ ትንሽ እናስቀምጥ» ትለኝ ነበር። «ሥራው አስተማማኝ ነው» እላታለሁ።

መጋቢት 2020 ላይ በኮሮና ምክንያት ተማሪው በቀናት ውስጥ ውጣ ተባለ። 420 ሰው ያድርበት የነበረ ሕንፃ ባዶ ሆነ። እኔና ቤተሰቤ ብቻችንን ቀረን። ውኃ ቧንቧ ውስጥ ብዙ ቀን ሲቆም ባክቴሪያ ያፈራል። ስለዚህ ክፍል ለክፍል እየዞርኩ ቧንቧውንና ሻወሩን እየከፈትኩ አፈሰው ነበር። የኮሪደሩ መብራት ሰው ሲያልፍ ብቻ የሚበራ ነው። ስራመድ ከፊቴ ይበራል፣ ከኋላዬ ይጠፋል። ሰኔ ላይ ደብዳቤ መጣ። የሥራ መደቡ ታጥፏል። አፓርታማውን በ30 ቀን ለቅቃችሁ አስረክቡ ይላል።

ቤት ፍለጋ ወጣን። ማመልከቻው ላይ «የቀድሞ አከራይ ስምና ስልክ» የሚል ቦታ አለ። ምን ልጻፍ? 16 ዓመት በአሜሪካ ኖሬ ኪራይ በወቅቱ መክፈሌን የሚመሰክር አንድ አከራይ የለኝም። ባንክ ያለው ገንዘብ የሁለት ወር አይሞላም። ዕቃ ስናወጣ ደግሞ የባሰውን አየሁ። አልጋው የዩኒቨርሲቲው ነው። ሶፋው የዩኒቨርሲቲው ነው። ጠረጴዛውን ስገለብጠው ሥሩ ላይ ባርኮድ ያለበት የንብረት ቁጥር ተለጥፎበታል። ልጄ ሥዕል የምትስልበት ወንበር ሳይቀር ተለጣፊው አለበት። የኛ የሆነው ሁሉ ሁለት መኪና ላይ ተጫነ። ማስተር ቁልፉን ከነቀለበቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ፈረምኩ።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ከ2008 እስከ 2020 ድረስ በወር 500 ዶላር አስቀምጬ ቢሆን፣ ወለዱን ሳንቆጥር 72,000 ዶላር ነው። ኪራይ የማይከፍል ሰው 500 ዶላር አያጣም። እኔ አላጣሁም ነበር፤ አላስቀመጥኩም እንጂ።

ስለዚህ ስሙኝ። ደሞዝ የገባ ቀን፣ ከማንም በፊት፣ ለራሳችሁ ኪራይ ክፈሉ። በአካባቢያችሁ የአንድ መኝታ ኪራይ ስንት ነው? ግማሹን እንኳ የማትነኩት ሒሳብ ውስጥ አስገቡ። 403ቢ የሚባለው የጡረታ ቁጠባ ካለና ዩኒቨርሲቲው የሚጨምርላችሁ ከሆነ፣ ቢያንስ እስከሚጨምርበት ድረስ አስቀምጡ። ሀገር ቤት የምትልኩትን በዓመት መጀመሪያ ወስኑት፤ ለሕክምና ለብቻው መድቡ። ለቤተሰብ «ኪራይ የለብኝም» አትበሉ። «ቤቱ የሥራው ነው፤ ሥራው ያለቀ ቀን ቤቱም ያልቃል» በሏቸው። እውነቱም ይኸው ነው። ለቤት መሥሪያ የምትልኩ ከሆነ ደረሰኝና ፎቶ ሳታዩ ሁለተኛውን ዙር አትላኩ። ወንድም ቢቆጣ ይቆጣ።

ከመፈረማችሁ በፊት ውሉ ላይ ይህን ፈልጉ፦ ሥራው ቢቋረጥ በስንት ቀን ነው ቤቱን የምለቅቀው? ባለቤቴና ልጄ አብረውኝ መኖር ይችላሉ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። አሠሪው በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ከታክስ ነፃ ለትምህርታችሁ ሊከፍል ይችላል፤ ካለ አታሳልፉት። የፌዴራል የተማሪ ብድር ያለባችሁ፣ ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ላልቆመ ዩኒቨርሲቲ በሙሉ ጊዜ እየሠራችሁ 120 ክፍያ ከከፈላችሁ ቀሪው ሊሰረዝላችሁ ይችላል፤ ፎርሙን በየዓመቱ ሙሉ። ሦስተኛው ዓመት ሳያልቅም ከሕንፃው የምትወጡበትን መንገድ ጀምሩ። አካዳሚክ አድቫይዚንግ፣ የዲሲፕሊን ቢሮ፣ የታይትል ናይን ቢሮ፣ ሁሉም ዶርም ውስጥ የሠራ ሰው ይፈልጋሉ። ማታ የራሳችሁ ቤት የምትገቡባቸው ሥራዎች ናቸው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሆል ዳይሬክተር ደወለችልኝ። አምስተኛ ዓመቷ ነው፤ ጎበዝ ልጅ ናት። ለወንድሟ መኪና 9,000 ዶላር ልትልክ ነው፤ ከክሬዲት ዩኒየን ልትበደር ትፈልጋለች። «በራስሽ ስም ስንት አለሽ?» አልኳት። ዝም አለች። «1,100» አለች ቆይታ።

«የተቀመጥሽበትን ወንበር ገልብጪና ሥሩን እይው» አልኳት።

ወንበሩ ወለሉ ላይ ሲንፏቀቅ በስልኩ ሰማሁ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም። ብድሩን እንደማትወስድ፣ ለወንድሟ 1,000 ብቻ እንደምትልክ ተነጋገርን። ሰኞ የቁጠባ ሒሳብ እከፍታለሁ ብላለች። ሰኞ ጠዋት እደውልላታለሁ።