የካሳውን ገንዘብ ለሰው አድርጉት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት፤ ሳልመልስልሽ መተኛት አልሆነልኝም። አውሮራ፣ ኮሎራዶ ያለው ማኅበራችሁ የኦፒዮይድ፣ ማለትም ሱስ የሚያስይዘው የሕመም ማስታገሻ፣ ካሳ ገንዘብ መኖሩን ሰምቷል። ገሚሱ ትልቅ የወጣቶች ዝግጅት ይሁን ይላል። ገሚሱ በአማርኛ በራሪ ወረቀት እናሳትም ይላል። አንቺ ደግሞ «ምን ብለን ብንጠይቅ ነው በእውነት ልጆቻችንን የሚያድነው?» ብለሻል።

መልሴ አጭር ነው። ሰው ጠይቁ። አማርኛ የሚናገር፣ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ሲደወልለት ስልኩን የሚያነሳ አንድ ሰው። ሌላው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ምክንያቴ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሺኝ።

እኔ የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። አስራ አንድ ዓመት የሆስፒታል አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሦስት ዓመት ሆነኝ ደግሞ በካውንቲያችን፣ ስለ ካሳው ገንዘብ ምክር በሚሰጥ ኮሚቴ ውስጥ የነዋሪዎችን ወንበር ይዣለሁ። እዚያ ያስገባችኝ አንዲት እናት ናት። ማን መሆናቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬ ልንገርሽ።

ሊነጋጋ ሲል ነው የተጠራሁት። ልጃቸው የአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ከጓደኛው የተቀበለውን ሰማያዊ ክኒን ውጦ መኝታ ቤቱ ወለል ላይ ተዘርሮ ተገኘ። ክኒኑ ሲያዩት ከፋርማሲ የወጣ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ፈንታኒል የሚባለው እጅግ ኃይለኛ ኦፒዮይድ ነበር። የአምቡላንስ ሠራተኞቹ ናሎክሶን፣ የኦፒዮይድን ጉልበት የሚያከሽፈውን መድኃኒት፣ ሰጥተውት ተረፈ። ሐኪሟ ጥሩ ሰው ነበረች፤ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ከዚያ ሦስት ገጽ ወረቀት ሰጠቻቸው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ። «ጠዋት እነዚህ ቁጥሮች ላይ ይደውሉ» አለች። ተረጎምኩላቸው። እናትየው ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፉትና ቦርሳቸው ውስጥ ከዳዊታቸው ጎን ከተቱት። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ሳይሆን ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ነገ ማንን ነው የማነጋግረው?» አሉኝ።

አስተርጓሚ ከራሱ ቃል አይጨምርም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ጥያቄያቸውን ለሐኪሟ ተረጎምኩላት። እሷም በጣቷ ወረቀቱን አመለከተቻቸው። ያ የታጠፈ ወረቀት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ልጁን ከሞት ያወጣው መድኃኒት በደቂቃ ውስጥ ደረሰለት። ከዚያ በኋላ ግን እናትየው ለብቻቸው ቀሩ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ብዙ ወገኖቻችን የመንግሥት ችሮታ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ሲጠይቁ ያፍራሉ። ካሳ ነው። ክልሎች፣ ካውንቲዎችና ከተሞች የሕመም ማስታገሻ ክኒን ያመረቱትን፣ ያከፋፈሉትንና የሸጡትን ኩባንያዎች ከሰሱ። በ2021 ሐምሌ ላይ የ26 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ይፋ ሆነ። ከዚህ ውስጥ 21 ቢሊዮኑን ሦስቱ ትልልቅ አከፋፋዮች፣ ማኬሰን፣ ካርዲናል ሄልዝና አሜሪሶርስበርገን፣ በ18 ዓመት ይከፍላሉ። 5 ቢሊዮኑ የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ነው። ቀጥሎ አምራቾቹ ቴቫና አለርጋን፣ ሻጮቹ ሲቪኤስ፣ ዋልግሪንስና ዋልማርት ተጨመሩ። ኦክሲኮንቲን የተባለውን ማስታገሻ ክኒን ያመረተው የፐርዱ ጉዳይ ለብቻው ነው የሄደው። የመጀመሪያውን ዕቅድ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 ሰኔ ላይ ውድቅ አደረገው፤ ከዚያ የ7.4 ቢሊዮን ዶላር አዲስ ስምምነት መጣ። ሁሉም ሲደመር ከ50 ቢሊዮን ይበልጣል።

ይህን የምነግርሽ ቁጥር ለመደርደር አይደለም። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ በየዓመቱ ነው የሚንጠባጠበው። ዘንድሮ ካመለጣችሁ የሚቀጥለው ዓመት አለ። በችኮላ የማይሆን ነገር ከመጠየቅ ስድስት ወር ተዘጋጅቶ መሄድ ይሻላል። እኛ የመጀመሪያውን ዓመት ያቃጠልነው በችኮላ ነው።

አንድ ሌላ ነገር እወቂ። በ1998 የትምባሆ ኩባንያዎች ከ46 ክልሎች ጋር ሲስማሙ፣ በመጀመሪያዎቹ 25 ዓመታት 206 ቢሊዮን ዶላር እንከፍላለን ብለው ነበር። ከዚያ ገንዘብ ሰው ሲጋራ እንዳይጀምርና የጀመረው እንዲያቆም የዋለው ትንሽ ነው፤ አብዛኛው የበጀት ቀዳዳ ደፈነ። የኦፒዮይዱን ስምምነት የጻፉት ሰዎች ይህን ያስታውሳሉ። ስለዚህ በ2021ዱ ስምምነት ቢያንስ 85 በመቶው ችግሩን ለማቃለል ይዋል ብለው አሰሩት። የተፈቀዱ ሥራዎችን የሚዘረዝር አባሪም አለው፤ «ኤግዚቢት ኢ» ይባላል። አውርጂና አንብቢው። የምትጠይቁት ነገር እዚያ ውስጥ ካለ፣ ቃሉን እንዳለ ወስዳችሁ ማመልከቻው ላይ ጻፉት። ሕመምተኛውን ከድንገተኛ ክፍል ወደ ሕክምና ከእጅ ወደ እጅ ማስረከብ በግልጽ የሰፈረ ሥራ ነው፣ ያውም ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ተርታ። የእነዚያ እናት ጥያቄ መልሱ እዚያ ተጽፎ ተቀምጧል።

ማን ዘንድ ትሂዱ? እንደየክልሉ ይለያያል። እኛ ቨርጂኒያ 15 በመቶው ለክልሉ፣ 30 በመቶው በቀጥታ ለካውንቲና ለከተማ፣ 55 በመቶው ደግሞ ለዚሁ ሲባል ለተቋቋመ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ነው የሚሄደው። እናንተ ኮሎራዶ ግን 10 በመቶ ለክልሉ፣ 20 በመቶ ለከተማና ለካውንቲ፣ 60 በመቶ ለአካባቢ ምክር ቤቶች፣ 10 በመቶ ለመሠረተ ልማት ነው። አካባቢዎቹ 19 ናቸው። ስለዚህ ማኅበራችሁ የከተማውን ማዘጋጃ ብቻ ቢያንኳኳ ትልቁን በር ስቷል ማለት ነው። የአካባቢያችሁ ምክር ቤት መቼ እንደሚሰበሰብ ፈልጊ። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው። መጀመሪያ ዝም ብለሽ ሁለት ጊዜ ተቀመጪና ማን ምን እንደሚል አዳምጪ።

አሁን ስለ ስህተታችን። በመጀመሪያው ዓመት የጠየቅነው የአንድ ቀን የግንዛቤ ማስጨበጫ ዝግጅት ነበር። አዳራሽ፣ ምሳ፣ ቲሸርት፣ አንድ ተናጋሪ ሐኪም። ከኮሚቴው አንዷ ሴትዮ በትሕትና «ሰኞ ጠዋት ምን ይቀራል?» ብላ ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም። ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ትክክል ነበረች።

በሁለተኛው ዓመት የሳምንት ሃያ ሰዓት የሚሠራ አንድ ሰው ጠየቅን። በራሳችን ስም ሳይሆን ሕክምናውን ከሚሰጥ ክሊኒክ ጋር ተጣምረን። ይህ ነገር ወሳኝ ነው፣ ልብ በይው። የካውንቲ ገንዘብ ብዙ ጊዜ በቅድሚያ አይሰጥም፤ መጀመሪያ ከኪሳችሁ ታወጣላችሁ፣ ደረሰኝ ታቀርባላችሁ፣ ከወራት በኋላ ይተካላችኋል። ኢንሹራንስ አለ፣ የሂሳብ ምርመራ አለ። በአባላት መዋጮ የሚኖር ማኅበር ይህን አይችለውም። ክሊኒኩ ሂሳቡን ይይዛል፣ እናንተ ሰዉን ታመጣላችሁ። ውሉ ላይ ግን ተቀጣሪው አማርኛ ተናጋሪ እንዲሆንና ምርጫው ላይ ማኅበራችሁ እንዲቀመጥ በጽሑፍ አስገቡ። በቃል ብቻ ከቀረ ይረሳል።

አንድ ጥያቄ በእርግጠኝነት ይጠይቋችኋል። «ከእናንተ ማኅበረሰብ ስንት ሰው ሞተ?» ይላሉ። የሞት ምስክር ወረቀት ላይ ልጆቻችን «ጥቁር» ተብለው ነው የሚመዘገቡት፤ ከዚያ ውስጥ ሐበሻን ለይቶ የሚያወጣልሽ የለም። እኛም አንናገርም። ለቅሶ ቤት «ድንገተኛ ሕመም ነው» ይባላል፣ ሰዉም ይገባዋል፣ ማንም አይጠይቅም። ይህን ስጽፍ ማንንም ልወቅስ አይደለም። የልጅን ገመና መሸፈን የእናት ፍቅር ነው። ግን ኮሚቴው ፊት ባዶ እጃችንን ያስቆመናል። እኔ ያገኘሁት መፍትሔ የትምህርት ቤቶቹ መዝገብ ነው። ዲስትሪክቱ ተማሪ ሲመዘገብ ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ እንደሚነገር ይጠይቃል። ስንት ቤተሰብ አማርኛ እንደሚናገር ጠይቂ፤ ይነግሩሻል። «ይህን ያህል ቤት ውስጥ የእናንተን ወረቀት ማንበብ የማይችል ወላጅ ሊኖር ይችላል» ማለት ትችላላችሁ። የሞት ቁጥር ሳይኖር እንኳ ይህ ይሰማል።

ምናልባት «ሞቱ እየቀነሰ አይደል እንዴ?» የሚል ይመጣባችኋል። እውነት ነው፣ ቀንሷል። በመላው አሜሪካ በኦቨርዶዝ፣ መድኃኒት ወይም ዕፅ ከመጠን በላይ ወስዶ፣ የሞተው በ2023 ወደ 105 ሺህ ነበር፣ በ2024 ወደ 80 ሺህ ወረደ። ሰማንያ ሺህ ሬሳ ግን ትንሽ አይደለም።

ናሎክሶን ለመግዣ ብላችሁ ገንዘብ አትጠይቁ። ናርካን የሚባለው አፍንጫ ውስጥ የሚነፋ ናሎክሶን ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል፣ ያኔ ሁለት የያዘው ካርቶን 45 ዶላር ገደማ ነበር። ግን ብዙ የጤና ቢሮዎች በነፃ ይሰጣሉ፣ ሥልጠናውንም ጭምር። እኛ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ነበር ያሰለጠንነው። ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች ባዶውን መለማመጃ እየያዙ አሻንጉሊቱ አፍንጫ ውስጥ ይነፋሉ። አንዲት እናት «ለአለርጂዬ ይሆነኛል?» ብለው ጠየቁኝ፤ ከዚያ ምን እንደሆነ ሲገባቸው ሁለት ካርቶን ወሰዱ። ለልጆቻቸው ጓደኞችም ጭምር ብለው ነው። በአማርኛ ያስተማርነው ይህን ብቻ ነው፦ 911 ደውሉ፤ አንዱን አፍንጫ ውስጥ ንፉ፤ በሁለት ሦስት ደቂቃ ካልነቃ ሁለተኛውን ጨምሩ፤ በጎኑ አስተኙት፤ ጥላችሁት አትሂዱ። መድኃኒቱ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው የሚሠራው፣ ፈንታኒሉ ተመልሶ ሊጥለው ይችላል። ሁለተኛውን ዙር ለፓርኪንግና ለነዳጅ ማደያ ሠራተኞች እንዲሁም ለኡበር ሾፌሮች ሰጠን። መጸዳጃ ቤት የወደቀ ሰው ቀድመው የሚያገኙት እነሱ ናቸው።

ከሁሉ የከበደን ሱሱን ስለሚያክመው መድኃኒት ማውራት ነው። ለኦፒዮይድ ሱስ የሚሰጡት ቡፕረኖርፊንና ሜታዶን የመሞትን አደጋ በግማሽ ገደማ ይቀንሳሉ። የእኛ ሰው ግን «ሱስን በሱስ መተካት ነው» ይላል። ልጁን ጠበል ይወስደዋል፣ ወይም ሀገር ቤት ይልከዋል። ጠበልን አልነካም፤ እኔም እሄዳለሁ። የምፈራው ሌላ ነው። ልጁ ሦስት ወር ርቆ ሲመለስ ሰውነቱ የለመደውን መቋቋም ትቶታል። ያንኑ የድሮውን መጠን አንድ ቀን ከወሰደ ሊሞት ይችላል። ከእስር የሚወጡትም እንዲሁ ነው የሚያልቁት። እኛ ዘንድ አንድ ቄስ ይህን ከተረዱ በኋላ «መድኃኒትህን ሳታቋርጥ ና» ማለት ጀመሩ። ያቺ አንዲት ቃል ከሁሉ በራሪ ወረቀታችን በለጠች።

ደግሞ ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ቡፕረኖርፊን ለማዘዝ የነበረው ልዩ ፈቃድ ቀርቷል። ሌሎች ቁጥጥር ያለባቸውን መድኃኒቶች ማዘዝ የሚችል ሐኪም ይህንንም ማዘዝ ይችላል። አካባቢያችሁ ያሉትን ሐበሻ ሐኪሞች አንድ በአንድ ጠይቂ፣ «ታዛለህ? ታዣለሽ?» ብለሽ። እሺ የሚሉትን ስም ያዢ። የምትቀጥሩት ሰው የመጀመሪያ ሳምንት ሥራው ይህ ዝርዝር ይሁን።

ስብሰባው ላይ የመናገሪያ ጊዜ ብዙ ጊዜ ሦስት ደቂቃ ነው። እናቶችን ይዘሽ ሂጂ፣ አስተርጓሚ እንዲዘጋጅ አስቀድመሽ በጽሑፍ ጠይቂ። የሌሎችን ጥያቄም ተከታተዪ። አንድ መሥሪያ ቤት ለነባር ሠራተኛ ደመወዝ ወይም ለመኪና ከጠየቀ፣ «ይህ ባለፈው ዓመት ከየትኛው በጀት ነበር የሚከፈለው?» ብለሽ ጠይቂ። በጨዋ ቃል፣ ግን ጠይቂ። እኛ ጋ ይህች ጥያቄ ከአንድ ጊዜ በላይ ሠርታለች።

አሁን የእኛ ሠራተኛ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ድንገተኛ ክፍሉ ሲደውልላት ትሄዳለች። ቤተሰቡን ክሊኒክ ድረስ በራሷ መኪና ትወስዳለች፣ ከውጭ ጠብቃ ትመልሳለች።

ማመልከቻችን አንድ ገጽ ተኩል ነው። የካውንቲውን ስም አጥፍቼ እልክልሻለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። የተቀጣሪዋን የሥራ ዝርዝርም አብሬ አደርገዋለሁ። የስብሰባችሁን ቀን ስታገኚ ንገሪኝና ሦስት ደቂቃውን በስልክ አብረን እንለማመደው።