ለቤተሰብ የሚላክ ቪዲዮ፦ ስታክ እንዳያደርግ፣ ዴክም እንዳይመልሰው

የሰርግ፣ የክርስትና ወይም የምርቃት ቪዲዮ በዲስክ ተደርጎ ለመንገደኛ የሚሰጥበት ቤት ዛሬም ብዙ ነው። ኢንተርኔት እንደልብ በማይገኝበት ቤት ላለች እናት፣ ዴክ ውስጥ ገብቶ በአንድ ቁልፍ የሚከፈት ዲቪዲ በስልክ ከሚላክ ሊንክ ይሻላል። ችግሩ ዲስኩ እዚያ ሲደርስ እየተቆራረጠ መታየቱ ወይም ከነጭራሹ አልከፈት ማለቱ ነው። ሁለቱም ከመላኩ በፊት እዚሁ ሊስተካከሉ ይችላሉ።

ቪዲዮ ስታክ ሲያደርግ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ኮንቨርተር ያወርዳል። አትቸኩሉ። ፋይል በተቀየረ ቁጥር ጥራቱ ይወርዳል፣ ችግሩ ፋይሉ ላይ ካልሆነ ደግሞ ልፋቱ ከንቱ ነው። መጀመሪያ ችግሩ የት እንዳለ ለዩ። ቪዲዮውን በካሜራው በራሱ ስክሪን አጫውቱት። እዚያ ሳይቆራረጥ ከሄደ ፋይሉ ጤነኛ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፣ የደከመው ኮምፒውተራችሁ ወይም የካርድ ማንበቢያው ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ፋይሉን ከሚሞሪ ካርዱ ወደ ኮምፒውተሩ የውስጥ ዲስክ ኮፒ አድርጉና ከዚያ አጫውቱት። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ባለ ፎርኬ ካሜራ ፋይሉ በየሰከንዱ 12.5 ሜጋባይት መነበብ አለበት። አሮጌ የካርድ ማንበቢያ ወይም ርካሽ ፍላሽ ይህን ያህል ሳያቋርጥ ማድረስ ሊያቅተው ይችላል።

አሁንም ከተቆራረጠ ቪዲዮው እየሄደ ሳለ በዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ሲፒዩው 100 ፐርሰንት አካባቢ ከሆነ ኮምፒውተሩ የተጨመቀውን ምስል ለመፍታት አቅም አንሶታል ማለት ነው። የዘመኑ ካሜራዎችና ስልኮች የሚጠቀሙበት ኤች 265 የተባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ በተለይ አሮጌ ላፕቶፕን ያስጨንቃል። ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ውስጥ ቱልስ፣ ፕሪፈረንስስ፣ ከዚያም ኢንፑት/ኮዴክስ የሚለው ጋ ገብታችሁ ሃርድዌር አክስለሬሽንን ኦቶማቲክ አድርጉት፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻውን ይበቃል። ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ ከሆነ ቻርጀሩን ሰኩ፣ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጋልና። ሲፒዩው ተዝናንቶ ሃርድ ዲስኩ 100 ከሆነ ደግሞ ዲስኩ ሞልቶ ወይም አንቲቫይረስ እየፈተሸው እንዳይሆን እዩ።

ሲፒዩውም ሃርድ ዲስኩም ሥራ ሳይበዛባቸው ምስሉ የሚዘል ከሆነ ነገሩ ፋይሉ ውስጥ ነው። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ብርሃን ሲቀንስ የፍሬሙን ቁጥር፣ ማለትም በሰከንድ የሚታዩትን ምስሎች ብዛት፣ ይቀያይራል፤ አንዴ 30፣ አንዴ 24 ይሆናል። ኮምፒውተር ላይ ደህና መስሎ ኤዲት ሲደረግ ግን ምስሉ ይዘላል፣ ድምፁም ቀስ በቀስ ከከንፈር ጋር መግጠሙን ያቆማል። መድኃኒቱ ሃንድብሬክ የተባለው ቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ነው። ቪዲዮ በሚለው ገጽ ላይ ፍሬምሬቱን ለአሜሪካ ስልክ 29.97 ወይም 30፣ በ25 ለተቀረጸ 25 አድርጋችሁ ኮንስታንት (የማይለዋወጥ) የሚለውን ምረጡ። ጥራቱን የሚወስነውን አርኤፍ ከ18 እስከ 20 ባለው ላይ ተዉት። ኤዲት ማድረግ የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ሃንድብሬክ ግን የዲቪዲ ዲስክ አይሠራም፣ ፋይል ብቻ ነው የሚያወጣው።

የሶኒና የፓናሶኒክ ካምኮርደር ላላችሁ፦ ካርዱ ውስጥ ካለው ፕራይቬት ከሚባለው ፎልደር ኤምቲኤስ የሚባሉትን የቪዲዮ ፋይሎች ብቻ ለቅማችሁ አታውጡ። ፎልደሩን እንዳለ ኮፒ አድርጉ። ካሜራው ረጅም ቀረጻን 2 ወይም 4 ጊጋባይት ላይ እየቆረጠ በተለያየ ፋይል ስለሚያስቀምጥ፣ ለየብቻ ተወስደው ሲቀጣጠሉ መገጣጠሚያው ላይ ድምፁ ለቅጽበት ይጠፋል። ከካሜራው ጋር የሚሰጠው ፕሮግራም ፎልደሩን አንብቦ በትክክል ያያይዛቸዋል።

ወደ ዲስኩ እንምጣ። በብዛት የሚሠራው ስሕተት ኤምፒ ፎር ፋይሉን ባዶ ዲቪዲ ላይ ጎትቶ ኮፒ ማድረግ ነው። ያ የዳታ ዲስክ ነው፤ አሮጌ ዴክ አይከፍተውም። ዴክ የሚያውቀው ቪዲዮ ቲኤስ የሚባል ፎልደር ያለውን፣ በኤምፔግ ቱ (በዲቪዲ የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ) የተሠራ ዲስክ ነው። ዲቪዲ ስታይለር የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን ያዘጋጃል። አዲስ ፕሮጀክት ስትከፍቱ ፓል ወይስ ኤንቲኤስሲ (እንደየአገሩ የሚለያዩ የቴሌቪዥን ሥርዓቶች ናቸው)፣ ስፋቱስ 16 በ9 ወይስ 4 በ3 እንደሆነ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በፓል፣ በሰከንድ 25 ፍሬም የኖረ ስለሆነ፣ አሜሪካ ያለ ሰው ቪዲዮውን ወደ ፓል መለወጥ ያለበት ይመስለዋል። አያስፈልግም። 29.97 ወደ 25 ሲወርድ በየሰከንዱ 5 ያህል ፍሬም ይጣላል፤ ሙሽሪት ስትራመድ፣ ካሜራው ዞር ሲል ምስሉ ይንተፋተፋል። ለፓል አገር የተሠሩ አብዛኞቹ ዴኮች ኤንቲኤስሲንም ይከፍታሉ። ስለዚህ በአሜሪካና በካናዳ ካሜራ የተቀረጸውን በኤንቲኤስሲ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በገልፍ አገሮች ካሜራ የተቀረጸውን በፓል ሥሩት። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከአውሮፓ ወይም ከአገር ቤት ወደ አሜሪካ ሲላክ ነው፤ እዚያ ያሉ ብዙ ዴኮች ፓልን አይቀበሉም። የሪጅን (ዲስክን በአገር ክልል የሚያግደው ቁልፍ) ነገር አያሳስባችሁ፣ ቤት የተሠራ ዲስክ በየትኛውም ሪጅን አይታገድም።

በ1080አይ፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ፊልድ በሚባሉ ሁለት ግማሾች ተከፍሎ የተቀረጸ ከሆነ፣ የፊልድ ቅደም ተከተሉን ቶፕ ፈርስት (የላይኛው ይቅደም) አድርጉ። የድሮ ሚኒዲቪ ካሴት ግን ቦተም ፈርስት (የታችኛው ይቅደም) ነው። ከተገለባበጠ የሚንቀሳቀስ ሰው ሁሉ ወደፊትና ወደኋላ እየተርገበገበ ይታያል። ይህን ብዙዎች የዲስክ ብልሽት ይሉታል፣ በሌላ ዲስክ ደጋግመው በርን ቢያደርጉትም አይለቅም።

የዲስኩ መጠን 4.7 ጊጋባይት ነው፤ ቪዲዮው በረዘመ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል። ለ60 ደቂቃ 8፣ ለ90 ደቂቃ 6.3፣ ለ120 ደቂቃ 4.8 ሜጋቢት በሰከንድ ያዙ፤ ድምፁን ኤሲ ስሪ በሚባለው የድምፅ ዓይነት በ192 ኪሎቢት አድርጉት። ሕጉ ለምስል እስከ 9.8 ቢፈቅድም በርን በተደረገ ዲስክ ላይ ከ8 አትለፉ፤ አሮጌ ዴክ የማንበብ ፍጥነቱ አልደርስ ሲለው ስታክ የሚያደርገው እዚያ ላይ ነው። ከሁለት ሰዓት ለሚበልጥ ሰርግ ሁለት ዲስክ ተጠቀሙ። ባለ 8.5 ጊጋባይቱን ድርብ ዲስክ የማያነቡ ዴኮች አሉ።

ቀጥታ ዲስክ ላይ አትጻፉ። መጀመሪያ አይኤስኦ ፋይል (የሙሉ ዲስኩ ቅጂ በአንድ ፋይል) አውጡና በቪኤልሲ እዩት። ደህና ከሆነ ኢምግበርን በተባለው የዲስክ መጻፊያ ፕሮግራም ዲስክ ላይ ጻፉት። ዲስኩ 16 ኤክስ ቢልም ፍጥነቱን 4 ወይም 8 ላይ አድርጉ፣ የተጻፈውን መልሶ የሚያመሳክረውን ቬሪፋይ የሚለውንም ምልክት አድርጉበት። በርን እያደረጋችሁ ሌላ ከባድ ሥራ አትክፈቱ። ዲቪዲ ማይነስ አር አሮጌ ዴኮች በቀላሉ የሚያነቡት ነው፤ የሚጠፋና ደግሞ የሚጻፈው አርደብልዩ ለመላክ አይሆንም። የሚለጠፍ ወረቀት ዲስኩን ያንጋድደዋል፣ ስሙን በለስላሳ ማርከር ጻፉበት።

እረፍት ወጥታችሁ በአሜሪካ ካሜራ አገር ቤት የምትቀርጹም አላችሁ። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ካሜራው በ1/60 ሰከንድ ሸተር (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ሲቀርጽ የአዳራሹ ፍሎረሰንት ምስሉ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ኋላ ማጥፋትም ከባድ ነው። ሸተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ አድርጉት።

ከዲስኩ ጋር አንድ ፍላሽ ብትጨምሩ መልካም ነው፤ ብዙ የዲሽ ሪሲቨሮችና ቴሌቪዥኖች ይከፍቱታል። ፋት 32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት አድርጉት፣ እያንዳንዱን ኤች 264 ኤምፒ ፎር ፋይል ከ4 ጊጋባይት በታች ያዙ። ዲስኩን ለመንገደኛ ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ በኮምፒውተር ብቻ ሳይሆን ቴሌቪዥን ላይ በተሰካ ዴክ ፈትሹት። መጀመሪያውን አይታችሁ አትርኩ። ዲስክ የሚጻፈው ከመሐል ወደ ጠርዝ ስለሆነ ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው መጨረሻው ላይ ነው፤ የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች ሳትዘሉ እዩ።