ጊቤ ዳገት ላይ የምትንቃጨል ላንድክሩዘር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 2ኤፍ ሞተር ያላት አሮጌ የቤንዚን ላንድክሩዘር ፒክአፕ አለችኝ። ቡና እጭንባታለሁ። በቅርቡ ጅማ አንድ ጋራዥ ታይሚንጓን (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) አስተካከሉልኝ። ከተማ ውስጥ እንደ አዲስ ትሮጣለች። ከአበልቲ ወርጄ ጊቤን ተሻግሬ ወደ ወልቂጤ ስወጣ ግን ክፉኛ ትንቃጨላለች። ሰዉ ሁሉ ቤንዚኑ ነው ይለኛል። እውነት ነው? (ከአጋሮ)

መልስ፦ ቤንዚኑን ከመውቀስህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ታይሚንጉን ያስተካከሉት በታይሚንግ መብራት ነው በጆሮ? በጆሮ ከሆነ ገብቶኛል። እኔም በወጣትነቴ እንደዚያ ነበርኩ። ዲስትሪቢውተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) እያዞርኩ ድምፁ ሲያምረኝ አጠብቀው ነበር። የአንድ ሰው ፒስተን ተበሳና የሁለት ወር ደሞዜ ሄደ።

ጅማ ወደ 1,750 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ይላል፤ ሲሊንደሩ እንደ ቆላው አይሞላም፣ ቃጠሎውም ይዘገያል። ስለዚህ እሳቱ ትንሽ ቢቀድምም ሞተሩ ይችለዋል፤ እንዲያውም ይወደዋል። ጊቤ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል። ሙቀቱ፣ ጭነቱና ዳገቱ ሲጨመርበት ያው ታይሚንግ ይበዛባታል። ግፊቱ ያለጊዜው ያይልና ገና ያልተቃጠለው ቤንዚን በራሱ ይፈነዳል። የምትሰማው እሱን ነው።

መጀመሪያ ፑንቲናውን፣ ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳውን፣ እይ። ክፍተቱ 0.45 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን። እሱ በተቀየረ ቁጥር ታይሚንጉም ስለሚቀየር፣ ሳታስተካክለው ብትነካካ ልፋትህ ከንቱ ነው።

ከዚያ ሞተሩን አሙቀው። ሚኒሞው (ቤንዚን ሳትረግጥ የሚዞረው) በደቂቃ 650 ዙር ገደማ ይሁን። ከዲስትሪቢውተሩ ቀጭኗን የቫኪዩም ጎማ ንቀልና አፏን ድፈን። የመብራቱን መቆንጠጫ በአንደኛው ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ ላይ አድርግ፤ አንደኛው በራዲያተር በኩል ያለው ነው። ከሞተሪኖው (ከማስነሻው) በላይ ቮላኖው፣ ከሞተሩ ኋላ የሚዞረው ከባድ የብረት ክብ፣ የሚታይበት ቀዳዳ አለ። ቮላኖው ላይ የተቀበረች ትንሽ የብረት ኳስ ታገኛለህ። እሷ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ 7 ዲግሪ በፊት ያለው ምልክት ናት። ከእሷ ሌላ ያለው መሥመር የፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ነው፤ ስንቱ መካኒክ ሁለቱን ያምታታል መሰለህ! ኳሷን ነጭ ቀለም ቀባ አድርጋት። የዲስትሪቢውተሩን ብሎን አላልተህ ኳሷ ቀዳዳው ላይ ካለው ጠቋሚ ጋር እስክትገጥም በጥቂት በጥቂቱ አዙር። ሮተሩ (ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው) በሚዞርበት አቅጣጫ ካዞርከው እሳቱ ይዘገያል፤ በተቃራኒው ይቀድማል።

መብራቱ አጋሮ ካልተገኘ አንዲት የ12 ቮልት አምፖል ትበቃሃለች። የአንደኛውን ካንዴላ ፍታና ጣትህን ቀዳዳው ላይ አድርግ። ሞተሩን በእጅ አዙር። አየር ጣትህን ሲገፋው ቀስ ብለህ ኳሷን ከጠቋሚው ጋር አግጥም። የአምፖሏን አንድ ጫፍ ከቦቢና (ኤሌክትሪኩን ለካንዴላው ከሚያጎለብተው) ወደ ፑንቲና በሚሄደው ሽቦ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አስረህ ቁልፉን ክፈት። ዲስትሪቢውተሩን አምፖሏ እስክትጠፋ በሮተሩ አቅጣጫ አዙር፤ ከዚያ በዝግታ መልሰው። ልክ ስትበራ አቁም፣ እሰር። ቁልፉን ከፍተህ ረስተህ ቡና ልጠጣ እንዳትል፤ ቦቢናው ይቃጠላል።

7 ላይ ሆና ጅማ ውስጥ የደከመች ከመሰለህ አንድ ወይ ሁለት ዲግሪ ጨምር። ግን ጭነህ ጊቤ ላይ ሞክራት። እዚያ ከተንቃጨለች ወደ 7 መልሳት። 7 ላይም ካላቆመች፣ ያኔ ቤንዚኑን መጠርጠር ትችላለህ። ካርቡሬተሩንም አሳይ፤ ቤንዚን ሲያጥራትም እንዲሁ ታደርጋለች።