ከወተቱ በፊት ሙቀቱ፦ እናት የሌላቸውን የድመት ልጆች ላነሳችሁ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በስልክ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች መካከል ስለ ላምና ስለ በግ የሚነሡት እያነሱ፣ ስለ ድመት የሚነሡት እየበዙ መጥተዋል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በኮንዶሚኒየም ወይም በኪራይ ቤት የምትኖሩ፣ ድመት አሳድጋችሁ የማታውቁ ወጣቶች ናችሁ፤ ታሪካችሁም ይመሳሰላል። ከኮርኒስ ውስጥ ወይም ከቆሻሻ ገንዳ ሥር ሲጮኹ የሰማችኋቸውን ሁለት ሦስት የድመት ልጆች በካርቶን ይዛችሁ ገብታችኋል፤ ከሱቅ ወተት ገዝታችኋል፤ አሁን ደግሞ «ለምን አይጠጡም?» ትሉኛላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ በየተራ ከምመልስ አንድ ጊዜ ሰፋ አድርጌ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ይህን ደብዳቤ ጀመርሁ።

በቅድሚያ የራሴን ጥፋት ልናገር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከደብረ ዘይቱ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ስወጣ ስለ ከብት በሽታዎች፣ ስለ ደስታ፣ ስለ አባ ሰንጋና ስለ አባ ጎርባ የሚጠይቀኝ ቢገኝ ሌሊቱን ሙሉ ላስረዳው እችል ነበር። የሠለጠንነው የሚያርስ በሬና የሚታለብ ላም እንድናድን ነውና፣ ድመት በትምህርታችን ውስጥ የነበራት ቦታ ጠባብ ነበር። የተመደብሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ የዚያችን ከተማ የኅዳር ሌሊት የቀመሰው ያውቀዋል። የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት፣ እትዬ የምላቸው ሴት፣ አንድ ምሽት ዓይናቸው ያልተገለጠ ሦስት የድመት ልጆች በቁና ይዘውልኝ መጡ። እናታቸው መርዝ የቀመሰ አይጥ በልታ ሞታ ኖሯል። ልጆቹ ሲነኩ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛሉ፤ እኔ ግን የታየኝ ረኃባቸው ብቻ ስለ ነበር ጠዋት የታለበውን ወተት በስሪንጅ አጠጣኋቸው። ሆዳቸው ሲሞላ ደስ ብሎኝ ቁናውን ከአልጋዬ ሥር አድርጌ ተኛሁ። ሲነጋ ሁለቱ ሞተው ነበር። ሦስተኛዋን እትዬ ከእጄ ነጥቀው፣ በነጠላቸው ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ሸጎጧትና «ዶክተር፣ የቀዘቀዘ ሆድ ምን ይፈጫል? መጀመሪያ ትሙቅ እንጂ!» አሉኝ።

እትዬ ያሉት ትክክል ነበር። የተወለደች ሰሞን የድመት ልጅ ተንቀጥቅጣ ራሷን ማሞቅ አትችልም፤ ሙቀቷን የምታገኘው ከእናቷና ከወንድሞቿ ገላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሰውነቷ ሙቀት ከ35 እስከ 36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሆናል፤ ከ34 በታች ሲወርድ አንጀቷ መሥራቱን ያቆማል፤ የተሰጣት ወተትም ሳይፈጭ ሆዷ ውስጥ ይቀራል፣ ይቦካል፣ አንዳንዴም ወደ ላይ ተመልሶ ወደ ሳንባዋ ይገባል። እኔ ለሁለቱ የሰጠኋቸው ምግብ ሳይሆን ሸክም ነበር። ስለዚህ ያነሣችኋት ግልገል አፏ ውስጥ የገባ ጣታችሁ ቅዝቃዜ ከተሰማው ወተቱን ለጊዜው እርሱት።

ማሞቂያው ውድ ዕቃ አይፈልግም። በሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በካልሲ ወይም በፎጣ ጠቅልላችሁ በካርቶኑ አንድ ጥግ ብቻ አኑሩት። አንድ ጥግ ብቻ ማለቴ በምክንያት ነው፤ ሲበዛባት የምትሸሽበት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ካላገኘች ሙቀቱም ይገድላታል። መብራት ቢጠፋም ይህ ዘዴ አይቋረጥም፤ ውሃው በየሁለት ሦስት ሰዓቱ መለወጥ ግን አለበት፤ የቀዘቀዘ ጠርሙስ ከግልገሏ ላይ መልሶ ሙቀት ይወስዳልና። በመጀመሪያው ሳምንት የተኙበት ቦታ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው። እጅግ የቀዘቀዘችዋን በአንድ ጊዜ ለማሞቅ አትሞክሩ፤ ከልብሳችሁ ሥር፣ ቆዳችሁ ላይ አድርጋችሁ አንድ ሁለት ሰዓት ያዟት። በዚያ መካከል ከደከመች ጥቂት የስኳር ውሃ በጣታችሁ ድዷ ላይ ብትቀቡላት ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ እውነት እናት የላቸውም? ድመት ልጆቿን ጥላ ምግብ ፍለጋ ለሰዓታት ትሄዳለች፤ ሰው አጠገባቸው ቆሞ ካየችም አትመጣም። ካገኛችኋቸው ቦታ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ፤ መጠበቅ ካልቻላችሁ ዙሪያቸውን ጥቂት ዱቄት ነስንሳችሁ ሂዱና ስትመለሱ የእግር ዱካ መኖሩን ተመልከቱ። ልጆቹ ሆዳቸው ሞልቶ፣ ንጹሕና ሙቅ ሆነው ዝም ካሉ እናታቸው አለች፤ ተዉአቸው። ዝናብ ወይም ውሻ የሚያሰጋቸው ከሆነ ጥቂት እርምጃ አርቃችሁ ወደ ተጠለለ ቦታ ማዛወር ይቻላል። ሰው ስለ ነካቸው ትተዋቸዋለች የሚባለው ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። ካየኋቸው «ወላጅ አልባ» ግልገሎች መካከል ጥቂት የማይባሉት ሰው ወላጅ አልባ ያደረጋቸው ነበሩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እናት እንደሌላቸው ካረጋገጣችሁ ቀጥሎ የምትፈልጉት ዕድሜያቸውን ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእርሱ ይነሣል። ሲወለዱ 100 ግራም አካባቢ ይመዝናሉ፤ ዓይናቸው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይገለጣል፤ በሦስተኛው ሳምንት ጆሯቸው ይቆማል፣ መንገዳገድ ይጀምራሉ፣ ጥቃቅን የፊት ጥርሶችም ይታያሉ፤ አራት ሳምንት ሲሞላቸው 450 ግራም ገደማ ይደርሳሉ። አነስተኛ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ግዙ፤ ከምታወጡት ገንዘብ ሁሉ በጣም የሚጠቅማችሁ እርሱ ነው። በየጠዋቱ ከምግብ በፊት መዝናችሁ በደብተር ጻፉ። ጤነኛ ግልገል በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም ትጨምራለች፤ አንድ ቀን ሙሉ ምንም ካልጨመረች ተጠንቀቁ፤ ከቀነሰች በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። ዓይን ያታልላል፤ በጋዝ የተነፋ ሆድ የጠገበ ይመስላልና።

አሁን ወደ ወተቱ እንምጣ። የላም ወተት ለጥጃ የተሠራ ነው፤ ከድመት ወተት ጋር ሲነጻጸር ፕሮቲኑም ስቡም ያነሰ ስለሆነ ግልገሏን አያሳድጋትም፤ ሆዷንም ያስቀምጣታል። የሕፃናት ዱቄት ወተትም ለዚህ አይሆንም። ለድመት ግልገል ተብሎ የተዘጋጀ ዱቄት ወተት በእንስሳት መድኃኒት ቤት ካገኛችሁ በማሸጊያው ላይ እንደ ተጻፈው በጥብጡ። ካላገኛችሁ ለአንድ ሁለት ቀን የሚያሻግር መላ አለ፤ ተፈልቶ ለብ ያለ፣ ውሃ ያልገባበት 250 ሚሊ ሊትር ወተት፣ ሁለት የእንቁላል አስኳልና አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት በደንብ አዋሕዱ፤ ነጩን ክፍል አትጨምሩ። ይህ ግን መሻገሪያ እንጂ መኖሪያ አይደለም። ከዚህም የተሻለው መፍትሔ የምታጠባ ሌላ ድመት ነው፤ ብዙዎቹ የባዕድ ልጅ ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ሰፈሩን ሳትጠይቁ አትለፉ።

አሰጣጡ ላይ ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት ግልገሏን እንደ ሰው ሕፃን በጀርባዋ ስለምታስተኟት ነው። ድመት የምትጠባው በሆዷ ተኝታ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው፤ በጀርባዋ ተኝታ የጠጣችው ወደ ሳንባዋ ይገባና በሳንባ ምች ትሞታለች። መርፌው የወጣለት የ1 ወይም የ3 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ፣ የሚገኝ ከሆነም ትንሽ ጡጦ ያዙ፤ ወተቱን በእጃችሁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሙቀቱን ፈትኑ፤ ከአፏ ጎን በኩል አስገብታችሁ እርሷ ስትስብ ብቻ ጠብታ በጠብታ ስጡ። በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ 100 ግራም ክብደቷ 4 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃታል። በአፍንጫዋ አረፋ ከወጣ ወዲያው አቁሙ፣ አፍንጫዋን ወደ ታች አዘንብሉት። በመጀመሪያው ሳምንት በየሁለት ሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ በሁለተኛው በየአራት ሰዓቱ ገደማ፣ ከዚያም እያራራቃችሁ ትሰጣላችሁ። ሥራ ያላችሁ ከሆነ ብቻችሁን አትጀምሩት፤ ተራ የሚገባላችሁ ጓደኛ ወይም ጎረቤት ፈልጉ። ቸርነታችሁን እየተጠራጠርሁ አይደለም፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚጮኸውን ስልክ ሦስት ሌሊት በተከታታይ አጥፍቶ መተኛት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ስለማውቅ ነው።

ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ እናቲቱ በምላሷ የምታደርገውን እናንተ በለብ ያለ ውሃ በራሰ ጥጥ ታደርጋላችሁ፤ ከጅራቷ ሥር በቀስታ ማበስ ነው። እስከ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ ያለዚህ መሽናትም ሆነ መጸዳዳት አትችልም። ይህን የማያውቅ ሰው ግልገሏን በሚገባ እየመገበ ፊኛዋ ተወጥሮ ያገኛታል።

ቁንጫን አትናቁ። በጨቅላ ድመት ላይ የሰፈረ ቁንጫ ደሟን ሊጨርሰው ይችላል፤ ድዷን ግለጡና ተመልከቱ፤ ቀይ ሮዝ መሆን የሚገባው ወደ ነጭ ካደላ ጊዜ የለም። ለውሻ የተዘጋጀ የቁንጫ መድኃኒትና ማንኛውም ፐርሜትሪን ያለበት ነገር ድመትን ይገድላል፤ የቤት ውስጥ ፀረ ተባይ መንፋትም እንዲሁ አይታሰብ። በለብ ያለ ውሃና በጥቂት የዕቃ ሳሙና አጥባችሁ፣ በቅማል ማበጠሪያ አበጥራችሁ፣ ወዲያው አድርቃችሁ አሙቋት። በነገራችን ላይ ፓራሲታሞልም ለድመት መርዝ ነው፤ ሩብ ፍሬም ቢሆን።

ስለ ራሳችሁም ጥቂት ልበል። ግልገሏ ብትነክሳችሁ ወይም ብትቧጭራችሁ ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን በብዛት በውሻ ይተላለፍ እንጂ ድመትም ታስተላልፈዋለች። የአዲስ አበባ ሰው እስከ ዛሬ «ፓስተር» የሚለው ጉለሌ ያለው ተቋም ለዚህ በሽታ ክትባት ለረጅም ዘመን ሲያዘጋጅ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። ድመቷ ራሷ ሦስት ወር ሲሞላት ይህን ክትባት ታገኛለች፤ የሌሎቹ ክትባቶች ጊዜ ግን ከስምንት ሳምንት ገደማ ይጀምራል፤ የሆድ ትል መድኃኒትም ከሁለተኛው ሳምንት አንሥቶ በሐኪም መጠን ይሰጣታል። ክንዳችሁ ላይ ክብ ሆኖ የሚያሳክክ ነገር ከወጣ ጭርት ነው፤ ይድናል፤ በእርሱ ምክንያት ልጆቹን መንገድ ላይ አትመልሱ።

አራት ሳምንት ሲሞላቸው ወተቱን ከለሰለሰ ምግብ ጋር እያዋሐዳችሁ ማስለመድ ትጀምራላችሁ። ለግልገል የተዘጋጀ የታሸገ ምግብ ቢገኝ ይመረጣል፤ ካልሆነ በደንብ ተቀቅሎ የደቀቀ ሥጋ ወይም ዶሮ ለጊዜው ይረዳል። ከሥጋ ቤት የሚገዛ ሳንባ ብቻውን ምግብ አይሆንም፤ አጥንት የሌለበት ሥጋ ብቻም ቢሆን ካልሲየም ስለሚጎድለው እግራቸው ይጣመማል። ወጥ የነካው እንጀራ ደግሞ ፈጽሞ አትስጡ፤ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፣ ያለ ሽንኩርት የሚሠራ ወጥ ደግሞ እኔ አላውቅም። ቤታችሁ ጾመኛ ከሆነም ስንቋን አስቀድማችሁ አስቡበት፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋና ወተት ከቤት ሲጠፋ ሽሮ እየላሰች የከሳች ድመት ብዙ አይቻለሁ። ድመት ከእንስሳት ምግብ ብቻ የምታገኛቸው፣ ያለ እነርሱ ዓይኗና ልቧ የሚጎዳባቸው ነገሮች አሉ፤ ለእርሷ ጾም የለም። መጸዳጃቸው ጠለቅ ባላለ ዕቃ ላይ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ቢሆን ይበቃል።

እዚህ ድረስ ያመጣችኋት ድመት ከእንግዲህ የምታስቸግራችሁ በጤናዋ ነው። አገራችን ከምድር ወገብ ስለማትርቅ የቀንና የሌሊቱ ርዝመት እምብዛም አይለዋወጥም፤ በዚህ ምክንያት ድመቶቻችን ወቅት ሳይጠብቁ ዓመቱን ሙሉ ይወልዳሉ። ሴቷ አራትና አምስት ወር ሲሆናት ማርገዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋም ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ነው። «ገና ሕፃን ናት» ትሉኛላችሁ፤ እኔም ብዬ ነበር። ማምከኛውን ቀዶ ሕክምና ስለሚሠራ ሐኪም ግልገሏ ሦስት ወር ሳይሞላት ጠይቁ፣ ቀጠሮም ያዙ።

የደብረ ብርሃኗ ሦስተኛ ግልገል ከእትዬ ብብት ወጥታ አደገች፤ የእህል ጎተራውንም ከአይጥ ጠበቀች። ዓመት ሳይሞላት፣ በክረምቱ መግቢያ ላይ፣ ከመስክ ስመለስ እትዬ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ያችኑ ቁና በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ውስጡ አምስት ልጆችና እናታቸው ተደራርበው ተኝተዋል። «ዶክተር» አሉኝ፣ «እነዚህንስ በየትኛው ብብቴ ልያዛቸው?»