የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የአካባቢ ትምህርት መርጃ መሣሪያ ከየት ይገኛል?

በዚህ እትም ከጅማና ከአካባቢዋ የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች አንድ ላይ አቅርበናል። የጻፉልን ሰዎች ባይተዋወቁም የሚያነሡት ጉዳይ አንድ ነው።

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ፤ የአካባቢ ጥበቃ ክበቡም ኀላፊ ነኝ። በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪዎች አሉኝ፤ ቤተ ሙከራ የለንም። በስጦታ ያገኘናቸው ፖስተሮች በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሲሆኑ፣ ትልቁ ፖስተር በረዶ ላይ የቆመ ነጭ ድብ ያሳያል። ልጆቹ ሥዕሉን ወደውታል፤ ነገር ግን «ቲቸር፣ ይኼ ድብ የት አገር ነው ያለው?» ከማለት ያለፈ ጥያቄ አላነሡም። ለእኛ ልጆች የሚሆን መርጃ መሣሪያ ከየት ላግኝ?
*መምህርት፣ ከጅማ*

መልስ፦ ፖስተሩን ከግድግዳው አያውርዱት፤ ልጆች ሩቅ አገር ያለውን ማወቃቸው ክፋት የለውም። ይሁን እንጂ ነጩን ድብ የእርስዎ ተማሪ ሊቆጥረው፣ ሊጠጋው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ «ዛሬስ አለ?» ብሎ ሊያረጋግጠው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1977 በትብሊሲ የተካሄደው የመንግሥታት ጉባኤ የአካባቢ ትምህርትን ዓላማ ሲወስን ከዕውቀት ጋር ክህሎትንና ተሳትፎን አብሮ አስቀምጧል። ፖስተር ቢበዛ የመጀመሪያውን ይሰጣል፤ ለቀሩት ሁለቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ መውጣት ግድ ይላል።

ጅማ ለዚህ የታደለች ከተማ ናት፤ አወቱ ወንዝ መካከሏን አቋርጦ ያልፋል። ለአንድ ክፍል የሚያስፈልገው አንድ የዱቄት ወንፊት፣ ሁለት ጎድጓዳ ነጭ ሳህንና ጥቂት የፕላስቲክ ማንኪያዎች ናቸው። ወንፊቱን ከአንድ ድንጋይ በታች፣ ውኃው በሚሄድበት በኩል ይደግኑና ድንጋዩን ቀስ አድርገው ያንቀሳቅሱት፤ ሥሩ ተለጥፎ የነበረው ሁሉ በውኃው ተገፍቶ ወደ ወንፊቱ ይገባል። ወንፊቱ ሳህኑ ላይ ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚታየው ጭቃና የቅጠል ስብርባሪ ብቻ ስለሆነ ልጆቹ «ምንም የለበትም» ይላሉ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ይታገሧቸው፤ ስብርባሪ የመሰላቸው ነገር መራመድ ይጀምራል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መለየት ነው፤ ለዚህም የሳይንስ ስም አያስፈልግም። ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያለውና በጎንና በጎኑ ላባ የመሰለ መተንፈሻ የሚያርገበግብ ዕጭ፣ እንዲሁም ከአሸዋ ቅንጣትና ከቅጠል ቁራጭ ለራሱ ቱቦ መሳይ ቤት የሚሠራ ዕጭ በብዛት ከተገኙ፣ ውኃው በቂ ኦክስጅን አለው ማለት ነው። እነዚህ ጠፍተው ደም የመሰሉ ቀይ ትሎች ብቻ ከቀሩ ግን ውኃው ታምሟል። ቀዮቹ የማይናከስ የትንኝ ዓይነት ዕጮች ሲሆኑ፣ ቅላታቸው የሚመጣው ልክ እንደ ሰው ደም ኦክስጅንን ከሚይዝ ንጥረ ነገር ነው፤ ሌላው ፍጥረት በሚታፈንበት ውኃ ውስጥ የሚኖሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ወንዙ ወደ ከተማው ከመግባቱ በፊትና ከተማውን ካለፈ በኋላ የተወሰዱ ሁለት ሳህኖች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ እርስዎ ብዙ ማብራራት ሳይጠበቅብዎት ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቃሉ።

በገጠር ወረዳዎች ለሚያስተምሩ የሥራ ባልደረቦችዎ ደግሞ የቡናው ወቅት ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጣል። ከመስከረም መጨረሻ አንሥቶ እስከ ታኅሣሥ ድረስ እሸት ቡና በማጠቢያ ጣቢያዎች ሲፈለፈል፣ ልጣጩና ፍሬውን የሸፈነው ሙልጭልጭ ጣፋጭ ነገር ከእጣቢው ጋር ይወጣል። ይህ እጣቢ በጉድጓድ ሳይጠራቀምና ሳይጣራ ወንዝ ከገባ፣ በውስጡ ያለውን ስኳር የሚበሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ይባዙና የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ውኃውም ይጠቁራል፣ ይኮመጥጣል፣ ይሸታል። የልጆቹ ወላጆች የሚተዳደሩት በዚሁ ቡና ስለሆነ ጉዳዩ ጥፋተኛ ፍለጋ እንዳይሆን ጥንቃቄ ያሻል። እጣቢው የት ይሂድ፣ ልጣጩስ ኮምፖስት ሊሆን አይችልም ወይ የሚለው ጥያቄ ከወቀሳ ይልቅ ያስተምራል።

ስለ ቋንቋው ያነሡት ቅሬታ ትክክል ነው፤ መፍትሔውን ግን ከልጆቹ ቤት ያገኙታል። እያንዳንዱ ተማሪ የአንድ ዛፍ ቅጠል ይዞ ወደ አያቱ ይሂድና ስሙንና ጥቅሙን ጠይቆ ይምጣ። ዋንዛ በአፋን ኦሮሞ ወዴሳ፣ ብሳና በከኒሳ፣ ዝግባ ቢርቢርሳ፣ ሾላ ሐርቡ ይባላሉ። ቅጠሉ በጋዜጣ መካከል ደርቆ በካርቶን ላይ ሲለጠፍና ሁለቱም ስሞች ከሥሩ ሲጻፉ፣ የትም ታትሞ የማይመጣ የግድግዳ መርጃ ይኖርዎታል። በከተማው ዳር ያለውን የቦዬን ጨፌም አይርሱት፤ ለሸክላ ጡብ የሚቆፈረው አፈር፣ እርሻውና ባሕር ዛፉ ረግረጉን ከየአቅጣጫው እንዴት እንደሚገፉት ዳር ቆሞ ማየት ይቻላል። (ለነገሩ፣ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት መጠሪያ የሆነው «ጨፌ» የሚለው ቃልም የተወሰደው የገዳ ጉባኤ ከሚሰበሰብበት ለምለም መስክ ነው፤ ይህን ለኅብረተሰብ ሳይንስ መምህሩ ይንገሩልን።)

ከጅማ ዩኒቨርሲቲም ሆነ መልኮ ካለው የግብርና ምርምር ማዕከል እርዳታ ሲጠይቁ፣ ደብዳቤዎ «ድጋፍ እንዲደረግልን» የሚል ባይሆን ይመረጣል። «አንድ ሰው፣ በዚህ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት፣ የቡና ችግኝ እንዴት እንደሚፈላ ቢያሳየን» የሚል ደብዳቤ መልስ የማግኘት ዕድሉ የሰፋ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ የማሳስብዎ ግን መዝገብን ነው። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ችግኝ እንተክል ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት የምንተክልበት ጉድጓድ ያው የአምናው መሆኑን ያስተዋለው የጥበቃ ሠራተኛው ብቻ ነበር። ክረምት ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ በበጋ ደግሞ ፍየል ይገባል፤ የቆጠረ ሰው ስለሌለ ስንቱ እንደጸደቀ አይታወቅም። ጠንካራ ሽፋን ያለው አንድ ትልቅ ደብተር ይግዙና የተተከለውን በሐምሌ፣ የተረፈውን በጥር ይመዝግቡ፤ የወንዙን ሳህን ውጤትም ከቀኑ ጋር እዚያው ያስፍሩ። መምህር ይዛወራል፣ የክበብ ኀላፊም ይለወጣል፤ ደብተሩ ግን በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ በክበቡ በኩል ወንዝ ሊወርድ መሆኑን ነገረኝ። የጎረቤታችን ልጅ በቢልሃርዚያ ታክሞ ስለነበር ፈራሁ። ብከለክለው ጥፋት ነው?
*አባት፣ ከጅማ*

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። የአንጀት ቢልሃርዚያ በጅማ አካባቢ የሚገኝ በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ትል በረጋ ወይም በዝግታ በሚፈስ ውኃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ በተለይ ፀሐይ በሞቀበት ሰዓት ወደ ውኃው ይለቀቅና የሰውን ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባል። ፕራዚኳንቴል የተባለ ፈዋሽ መድኃኒት አለው፤ ቢሆንም ሆን ብሎ መጋለጥ አይገባም።

ስለዚህ ልጅዎን ከመከልከልዎ በፊት መምህሩን ያነጋግሩ። ወንዙ ውስጥ መግባት ያለበት ቦቲ ጫማና የጎማ ጓንት ያደረገ አዋቂ ብቻ ነው። ልጆቹ ሳህኑን ግቢ ውስጥ፣ በማንኪያ እንጂ በእጃቸው ሳይነኩ ይመልከቱ። ከወንፊቱ ጋር የመጣውን ውኃ ደፍቶ ከሁለት ቀን በላይ ተጠራቅሞ በቆየ የዝናብ ውኃ መተካት ደግሞ አደጋውን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ ከቀንድ አውጣው ገላ ወጥቶ በውኃ ውስጥ የሚዋኘው ትል ያን ያህል አይቆይምና። ቀንድ አውጣ በሳህኑ ውስጥ ከተገኘ ግን ወዲያውኑ ይወገድ።

ልጅዎ ከፈለገ ይህን ታሪክ ይንገሩት። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ወንዝ ዳር የቀንድ አውጣዎችን ስርጭት ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አገኙ። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ልብስ የሚያነጹበት ፍሬ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ እንደሚገድል የታወቀው፣ አንድ ተመራማሪ ከልብስ ማጠቢያው በላይና በታች ያለውን ውኃ አስተያይተው ስለተመለከቱ ነው። ለዚህ ሥራቸው ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ልጅዎ ግን እንዶድ ወንዝ ውስጥ ልጨምር እንዳይል ይጠንቀቁ፤ ዓሣም ይገድላል።

ጥያቄ፦ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ዘወትር ሰኞ በሚኒ ሚዲያችን የአካባቢ ጥበቃ ዝግጅት ለአምስት ደቂቃ አቀርባለሁ። ከኢንተርኔት ያገኘሁትን ሳነብ ተማሪው ያወራል። ምን ላቅርብ?
*ተማሪ፣ ከአጋሮ*

መልስ፦ አንተ ራስህ የለካኸውን አቅርብ። ጎኑ ቀጥ ያለ የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱ ጋ ቁረጥና የተቆረጠውን ጫፍ እንደ ማጥለያ ገልብጠህ አስገባው። ታቹ ጎርባጣ ስለሆነ ጠጠር ጨምርበት፤ ጠጠሩን እስኪሸፍን ውኃ ሙላና ያንን መስመር ዜሮ በለው፤ ከዚያ በላይ ማስመሪያ ለጥፍ። ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ በሚገኝ ቦታ ተክለህ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንብበው፤ ከመዘገብክ በኋላ ውኃውን እስከ ዜሮው መስመር መልሰው። ጅማና አካባቢዋ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ስለምታገኝ የምትናገረው አታጣም።

ቁጥሩን ብቻ አትንገራቸው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። የመማሪያ ክፍላችሁ ጣሪያ 80 ካሬ ሜትር ቢሆንና በሳምንቱ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ ከዚያ ጣሪያ 1,600 ሊትር፣ ማለትም 80 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ወርዷል ማለት ነው። ሰኞ ዕለት ይህን ተናገርና ግቢያችሁ ውስጥ ስንት ጄሪካን ተጠራቅሞ እንደቀረ ጠይቃቸው።