መስኮታችሁ ወዴት ይመለከታል? የመጋረጃ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

ባለሙያዋ፦ እንደምን ዋላችሁ? ባሕር ዳር ውስጥ መጋረጃ መስፋት ከጀመርሁ 26 ዓመት ሆነኝ። ዛሬ ሱቁን ለልጄ ትቼ የቡድናችን አባላት ከየሰፈራችሁ የምትጽፉትን ጥያቄ ልመልስ ተቀምጫለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልለምናችሁ። የጨርቅ ቀለም ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገሮች ንገሩኝ፦ መስኮቱ ወዴት እንደሚመለከት፣ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ፣ በውጭ በኩል ማን እንደሚያልፍ። እነዚህን ሳላውቅ የምሰጣችሁ መልስ ግምት ነው።

ከሽምብጥ፦ እትዬ፣ ለሳሎን ምን ዓይነት መጋረጃ ያምራል?

ባለሙያዋ፦ መስኮቱ ወዴት ይመለከታል?

ከዓባይ ማዶ፦ ቤታችን ምድር ላይ ነው፤ መንገደኛ በ3 ሜትር ርቀት ያልፋል። ስስ ነጭ መጋረጃ ሰቅዬ ቀን ማንም አያየንም ነበር። ትናንት ጎረቤቴ «ማታ እራት ስትበሉ አየኋችሁ» ስትለኝ ደነገጥሁ። ነጋዴው አታሎኝ ይሆን?

ባለሙያዋ፦ ማንም አላታለለሽም። ስስ ጨርቅ የሚሸፍነው ብርሃኑ በበዛበት በኩል ያለውን ሰው ዓይን ነው። ቀን ውጭው ስለሚደምቅ መንገደኛው የሚያየው ፀሐይ ያረፈበትን ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት አልፎ መብራት ስታበሪ ነገሩ ይገለበጣል፤ አሁን የደመቀው የእናንተ ቤት ነው፣ ጨለማ ውስጥ የቆመው ሰው ማዕዳችሁን ሳይቀር ይቆጥራል። ስለዚህ ለሁላችሁም እላለሁ፦ ቀን የሚሸፍን ሁሉ ማታ አይሸፍንም። አዲስ መጋረጃ የሰቀላችሁ ቀን ማታ መብራቱን አብሩ፣ አንድ ሰው ቤት ውስጥ ይቁም፣ እናንተ ወጥታችሁ መንገደኛው ከሚያልፍበት ቦታ ተመልከቱ። ለአንቺ መፍትሔው ሁለት ድርብ ነው፤ ስሱ ቀን ይዋል፣ ከኋላው ወፍራሙ ሲመሽ ይሳብ። ስሱን አትጣይው።

ከቀበሌ 14፦ እኛ ደግሞ መንገደኛ ስለበዛ ወፍራም የከፋይ ጨርቅ መጋረጃ ሰቅለን ቀኑን ሙሉ እንዘጋለን። ቤቱ ስለሚጨልም በቀን መብራት እናበራለን። ሌላ መላ አለ?

ባለሙያዋ፦ አለ፤ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ፀሐይ በሞላበት ከተማ ሰው በጠራራ ቀን አምፖል አብርቶ ሲቀመጥ ሳይ ልቤ ያዝናል። መንገደኛ የሚያይበት የመስኮቱ የታችኛው ክፍል ነው፤ ሰማዩ ያለው በላይኛው ነው። የታችኛውን ሸፍኑ፣ የላይኛውን ልቀቁት። ቀጭን ዘንግ በመስኮቱ መቃን መካከል አግድም ይገባል፣ ከእሱ ላይ ስስ ወይም መካከለኛ ጨርቅ ይንጠለጠላል። ግማሽ መጋረጃ የምንለው ይህ ነው። ወደ ክፍሉ ዘልቆ የሚገባው ብርሃን በብዛት ከላይኛው ክፍል ስለሚመጣ ቤቱ አይጨልምም።

ስሕተት የሚሠራው ልኩ ላይ ነው። ብዙ ሰው መስኮቱን ከውስጥ ለክቶ እኩል ለእኩል ይከፍለዋል። ልኩ ግን ከውጭ ነው። መንገደኛው ከሚረግጠው መሬት ተነስታችሁ 170 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ለኩ፤ ዘንጉ ከዚያ በታች መሆን የለበትም። የቤቱ ወለል ከመንገዱ ከፍ ካለ የመስኮቱ ሲሶ እንኳን ሊበቃ ይችላል፤ እኩል ከሆነ ሁለት ሦስተኛውን መሸፈን ሊያስፈልግ ይችላል። ማታ ግን አሁንም ወፍራሙን ሳቡ። ቀን የሚሸፍን ማታ አይሸፍንም።

ከሽምብጥ፦ የሳሎኑ መስኮት ትልቅ ነው፤ ሙሉ መስታወት። ምን ይሻላል?

ባለሙያዋ፦ ትልቅነቱን አልጠየቅሁም። ወዴት ይመለከታል?

ከጣና ዳር፦ እትዬ፣ የእኛ መኝታ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሐይቁን ያያል። ፊት ለፊታችን ውኃ ብቻ ነው። ባለቤቴ ወፍራም መጋረጃ ካልተሰቀለ ይላል፤ እኔ ሐይቁን ማየት እፈልጋለሁ።

ባለሙያዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ይህ የእኔ ጨዋታ ነው። ባሕር ዳር ከሐይቁ በስተ ደቡብ ነው ያለችው። ስለዚህ ሐይቁን በቀጥታ የሚያይ መስኮት በአብዛኛው ወደ ሰሜን ይመለከታል። የሰሜን መስኮት ደግሞ ከሁሉም የተባረከ ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ በመስኮታችሁ የሚገባው የሰማይ ብርሃን እንጂ የፀሐይ ጨረር አይደለም፤ ልስልስ ነው፣ አያግልም፣ ጨርቅ አያነጣም። ባለቤትሽ ለየትኛው ፀሐይ ነው ወፍራም የሚለው?

ውኃው ጠዋትና ማታ ካንጸባረቀባችሁ ነጭ ሳይሆን ጠቆር ያለ ስስ ጨርቅ ምረጡ። ነጭ ስስ ጨርቅ ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ስለሚያበራ ከኋላው ያለውን ያደበዝዛል። አመድማ ወይም ቡናማ ስስ ጨርቅ ግን ከውስጥ ሆኖ ውጭውን ለሚያይ ጥርት አድርጎ ያሳያል። መንገድ ላይ ላለ ቤት ነጩ፣ ሐይቅ ለሚያይ ቤት ጠቆር ያለው።

ከግሽ ዓባይ፦ ይቅርታ፣ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ አይደለችም እንዴ? «ከመስከረም እስከ መጋቢት» ማለት ምንድን ነው?

መምህሩ፦ እትዬ ልክ ናቸው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ሚያዝያ 12 አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ትሆናለች፤ የሰው ጥላ እግሩ ሥር ይገባል። ነሐሴ 16 አካባቢ እንደገና እንዲሁ ትሆናለች። በእነዚህ መካከል እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ ሐይቁ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች።

ከግሽ ዓባይ፦ ይህን ሰምቼ አላውቅም። ታዲያ በግንቦት የሰሜን መስኮትም ፀሐይ ይገባዋል ማለት ነው?

መምህሩ፦ ጠዋትና ማታ በአግድም ይገባዋል። እኩለ ቀን ላይ ግን በጣም ከፍ ስለምትል የጣሪያው ክፈፍ ይከልላታል።

ከኅዳር 11፦ እኔ ጎንደር ነው ያደግሁት፤ እዚያም ተመሳሳይ ነው?

መምህሩ፦ ጎንደር ከ12 ዲግሪ ተኩል ከፍ ይላል፤ ቀኖቹ በጥቂት ይለያያሉ።

ባለሙያዋ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እኔ ይህን የማውቀው ከጨርቅ ነው። በደቡብ መስኮት የተሰቀለ ጥጥ መጋረጃ በበጋ ይነጣል፤ ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ዝቅ ብላ ክፍሉ ድረስ ትገባለች። በሰሜን የተሰቀለው ግን ዓመታት ይቆያል። ስለ ጎንደር ሌላ ቀን። ቀጣይ።

የሁለት ልጆች አባት፦ ቤታችን ወደ ምዕራብ ይመለከታል። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ልጆቹ ክፍላቸው ውስጥ መቀመጥ አይችሉም። ከላይ ተጠቅልሎ የሚወጣ ባለ ገመድ መጋረጃ ልገዛ ነው።

ባለሙያዋ፦ ቆም በል ወንድሜ። ገመዱ የልጅ አንገት ላይ ይጠመጠማል። ይህ የፈራሁት ነገር ሳይሆን በዓለም ዙሪያ ሕፃናትን የገደለ ነገር ነው። በሕፃናት ክፍል ገመድ ያለው መጋረጃ አይሰቀልም። ሌላ ክፍል ውስጥ ከገባም ገመዱ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ፣ ግድግዳ ላይ በተመታ መንጠቆ ተጠቅልሎ ይታሰር፤ አልጋም ወንበርም ከሥሩ አይቀመጥ።

ስለ ምዕራቡ ፀሐይ፦ ከሁሉም የከፋው አቅጣጫ ነው፤ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ። መጋረጃ ብቻውን አያድንህም። ፀሐይ መስታወቱን ካለፈች በኋላ ሙቀቱ ቤት ገብቷል፤ ጨርቁ የሚያደርገው ሙቀቱን መያዝ ነው። መከላከል ያለብህ ከውጭ ነው። በረንዳ ካለህ ሰሌን ወይም ከእንጅባራ በኩል የሚመጣ የቀርከሃ ምንጣፍ ከጣሪያው ክፈፍ አንጠልጥል፤ ከቀትር በኋላ አውርደው፣ ሲመሽ ጠቅልለው። ነፋስም ያስገባል። ግቢ ካለህ ዛፍ ትከል። ከውስጥ ደግሞ ነጭ ገበር ያለው መጋረጃ፤ ገበሩ ወደ መስታወቱ ይዙር፣ ከብርሃኑ የተወሰነውን ይመልሳል።

ከሰፈነ ሰላም፦ የሚያንጸባርቅ መስታወት ባስገባ መጋረጃ አያስፈልገኝም አይደል?

ባለሙያዋ፦ ያስፈልግሻል። ቀን የሚሸፍን ማታ አይሸፍንም። መብራት ስታበሪ ከውጭ ያለው ሰው እንደ ቴሌቪዥን ያይሻል።

ከዓባይ ማዶ ሌላ አባል፦ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ፕላስቲክስ?

ባለሙያዋ፦ የሚያንጸባርቀው ከሆነ መልሱ ከላይ ያለው ነው፤ እባካችሁ አንብቡ። ሸካራውና የማያሳየው ለመታጠቢያ ቤት ጥሩ ነው፤ ቀንም ማታም ይሠራል፣ ብርሃንም አይከለክልም።

ተከራዩ፦ አከራዬ ግድግዳ መብሳት ከልክለውኛል።

ባለሙያዋ፦ ውስጡ ምንጭ ያለበት፣ በራሱ ውጥረት በመቃኑ መካከል የሚቆም ዘንግ ፈልግ። ስስና ቀላል ጨርቅ ብቻ ይሸከማል። ለወፍራሙ አከራይህን አነጋግራቸው።

ከበላይ ዘለቀ መንገድ፦ እኔ ስስ ሸማ አሠርቼ መስቀል እፈልጋለሁ። የሀገር ጥጥ እያለ ለምን ከውጭ የመጣ?

ከሽምብጥ ሁለተኛ አባል፦ ሸማ ለልብስ ነው። ፀሐይ በሁለት ዓመት ይበላዋል።

ከበላይ ዘለቀ መንገድ፦ አያቴ የሠሩትን ሸማ እናቴ 30 ዓመት ለብሳለች።

ከሽምብጥ ሁለተኛ አባል፦ ለብሳለች እንጂ መስኮት ላይ ሰቅላዋለች?

ከኅዳር 11፦ በጣና ገዳማት ያሉት ሥዕሎችስ በጨርቅ ተሸፍነው አይደል የሚጠበቁ? ዘጌ ስንሄድ መነኩሴው ጨርቁን በዱላ ገልጠው ነው ያሳዩን።

ከሽምብጥ ሁለተኛ አባል፦ እዚያ ጨርቁ ፀሐይ ላይ አይደለም፤ ጨለማ ውስጥ ነው።

ባለሙያዋ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ግን አቅጣጫ አልተናገራችሁም። ሸማ በሰሜን መስኮት ላይ ከየትኛውም ጨርቅ ያምራል፤ ብርሃኑን እንደ ወተት ያደርገዋል። በምዕራብ ወይም በደቡብ መስኮት ከሰቀላችሁት ግን ይነጣል፣ ቀጥሎ ይሳሳል፣ ስታጥቡት ይቀደዳል። ፖሊስተር ፀሐይን የበለጠ ይችላል። ደግሞም ጥጥ ሁሉ ሳይታጠብ አይቆረጥ። ካልታጠበ ከ100 ሳንቲ ሜትር 5 ወይም ከዚያ በላይ ሊያጥር ይችላል፤ መጋረጃችሁ ከወለሉ ተንጠልጥሎ እንደ አጭር ቀሚስ ይቀራል። ሳይታጠብ አይቆረጥ።

ከቀበሌ 14፦ ስስ መጋረጃ ወባን ይከላከላል?

ባለሙያዋ፦ አይከላከልም። ትንኟ በጠርዙ ትገባለች። መስኮቱ ላይ የሽቦ ወንፊት ይመታ፣ አልጋው ላይ አጎበር ይሰቀል። መጋረጃ የወባ መድኃኒት አይደለም።

ከጣና ዳር ሁለተኛ አባል፦ በክረምት መጋረጃችን ይሸታል፣ ታችኛው ጠርዝ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል።

ባለሙያዋ፦ ሻጋታ ነው። ጨርቁ እርጥብ ግድግዳ እየነካ ነው። ዘንጉን ከግድግዳው 8 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር አርቁት፣ ቅምቅማቱ ከወለሉ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ዝናብ ባቆመ ቁጥር መስኮቱን ክፈቱ።

ከግሽ ዓባይ፦ ዋጋው ስንት ነው?

ባለሙያዋ፦ ገበያ ወርዳችሁ ጠይቁ።

ከሰፈነ ሰላም፦ ቡና የማፈላው መስኮቱ ሥር ነው፤ ረጅም መጋረጃ ይሆናል?

ባለሙያዋ፦ ከሰል ባለበት አይሆንም። ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ረከቦቱን አንሺ ወይም መጋረጃውን አሳጥሪ።

ከዓባይ ማዶ ሦስተኛ አባል፦ እትዬ፣ ሁሉንም ለክቼ መጥቻለሁ። መኝታ ቤት፣ ወደ ምዕራብ፣ ምድር ቤት። መስኮቱ 160 በ120 ሳንቲ ሜትር ነው። ከውጭ መሬት እስከ መስኮቱ ሥር 90 ነው። ግቢውን ከአራት ቤተሰብ ጋር እንጋራለን።

ባለሙያዋ፦ ተባረኪ ልጄ! እንዲህ ነው ጥያቄ። ጻፊ። የወፍራሙ ዘንግ 200 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ በግራም በቀኝም 20 ይትረፍ፣ ሲከፈት ጨርቁ ግድግዳው ላይ እንዲያርፍና መስታወቱን እንዳይከልል። ዘንጉ ከመቃኑ 15 ከፍ ይበል። ለሽንሽኑ የዘንጉን እጥፍ ያስፈልጋል፤ ማለትም 4 ሜትር። ብዙው የመጋረጃ ጨርቅ ወርዱ 280 ስለሆነ ወርዱ ቁመት ሆኖ ይቆማል። አንቺ ከነቅምቅማቱ 180 ይበቃሻል። የሚተርፈውን የ1 ሜትር ቁራጭ ከልብስ ሰፊው ተቀበዪ፤ የአንቺ ነው፣ የትራስ ልብስ ይወጣዋል። ነጭ ገበር አትርሺ።

ለቀን ደግሞ የግማሹን ዘንግ ከመስኮቱ ሥር 80 ላይ አድርጊ፤ 90 ሲደመርበት 170 ይሆናል፣ ጎረቤት አያይም። ከስሱ ጨርቅ 1 ሜትር ብቻ ግዢ። ስታዞሪው 280 ወርድ ይሆናል፤ ለ160 መስኮት በቂ ሽንሽን አለው። ከውጭ ሰሌን አንጠልጥዪ። ከሰቀልሽ በኋላ ማታ መብራት አብርተሽ ወጥተሽ እዪ።

ከሽምብጥ፦ እትዬ፣ ወጥቼ አየሁት። ጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ትገባለች። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ፊት ለፊቱ ሜዳ ነው፣ የሚያይ የለም።

ባለሙያዋ፦ ምሥራቅ ነው። እስከ 5 ሰዓት ገደማ ብቻ ትቸገራለህ። ክሬም መልክ ያለው አንድ ስስ መጋረጃ ከጣሪያ እስከ ወለል፣ የዘንጉን ሁለት እጥፍ ተኩል አድርገህ አሰፋ። ወፍራም አያስፈልግህም።

ከሽምብጥ፦ ቀለሙ ከሶፋው ጋር ይሄድ ይሆን?

ባለሙያዋ፦ ቁራጭ ጨርቅ ወስደህ ጠዋት መስኮቱ ላይ ይዘህ እየው።